የሞተ ካርድ ወደ መደርደሪያው አይመለስም፦ ለሕክምና ተማሪዎች የጥናት ውድድር አዘጋጆችና ዳኞች ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የሕክምና ተማሪዎች የምርምር ጉባኤ አዘጋጆች፤
ለተከበራችሁ ዳኞች፤
በየሕክምና ትምህርት ቤቱ ለምትገኙ የጥናት አማካሪ መምህራን፤

ጉዳዩ፦ የተሸለምኩበትን ቁጥር ስለማረምና የውድድሩን ደንብ ስለማሻሻል

እናቴ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ፣ ከታላቅ እህቴ የሠርግ ፎቶ አጠገብ በመስታወት የገባ ሰርተፍኬት ተሰቅሏል። ሦስተኛ ደረጃ ነው። ጎረቤት ለቡና በመጣ ቁጥር እናቴ ዓይኗን ወደ ግድግዳው ጣል ታደርግና እንግዳዋ «ይሄ ደግሞ የምን ነው?» እስክትላት ትጠብቃለች። ከዚያ «ልጄ ተማሪ እያለች በምርምር ተወዳድራ ነው» ትላለች። ምርምሩ ስለ ምን እንደነበር ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ነግሬያት አላውቅም።

ምርምሩ ታፍነው ስለሚወለዱ ሕፃናት ነበር። ሲወለዱ ማልቀስ ካቃታቸውና ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ከገቡት ውስጥ ስንቶቹ ድነው ወጡ፣ ስንቶቹ ሞቱ፣ ለሞት ያጋለጣቸውስ ምንድን ነው የሚል። ዋናው ቁጥር የሟቾቹ ድርሻ ነው። ያ ቁጥር ስህተት ነው፤ ከእውነተኛው ያነሰ ነው። ይህን ያወቅሁት ከሽልማቱ በኋላ ቢሆን ኖሮ አጭር የይቅርታ ወረቀት ይበቃኝ ነበር። ግን ማይክ ስጨብጥ አውቅ ነበር።

የሆስፒታሉን፣ የትምህርት ቤቱንና የጉባኤውን ስም አልጽፍም። የጥናቱን ውጤት በቁጥር አልጽፍም፤ ቁጥሩን ከጻፍኩ ሆስፒታሉን ለይቶ ማወቅ ለሙያው ሰው አይከብድም። ነገሩ የአንድ ሆስፒታል ወይም የአንድ ጉባኤ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ለሚመለከተው ኃላፊ በፖስታ ልኬ ዝም እል ነበር።

አራት ነበርን። ኢንተርን ለመሆን አንድ ዓመት ቀርቶናል። ፎርማቱን ያባዛነው ከኪሳችን ነው። ካርድ ክፍል የምንገባው ራውንድ ካለቀ በኋላ በምሳ ሰዓት ነበር፤ ከሰዓት ትምህርት፣ ማታ ደግሞ ዱቲ አለ። እንዲህ ሆኖ የተሠራ ሥራ ፍጹም እንዲሆን የሚጠብቅ የለም፤ እኔም ለዚያ አይደለም የምጽፈው።

የናሙናችን ብዛት 423 ነበር። በኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ይላል፤ ለማያውቀው ላስረዳ። የናሙና ብዛት የሚወሰንበት የተለመደ ቀመር አለ። 1.96ን በራሱ አባዝታችሁ፣ ያንን በ0.5፣ እንደገና በ0.5 አባዝታችሁ፣ ለ0.05 ካሬ ብታካፍሉት 384 ይመጣል። 0.5 ማለት «ከዚህ በፊት የተጠና ስለሌለ ግማሽ በግማሽ ብለን እንገምት» ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የተጠና ጠፍቶ ሳይሆን ፈልገን ስላላነበብን ነው። ከዚያ ላልተገኘ ሰው ተብሎ 10 በመቶ ይጨመርበታል፤ 423። (422 የሚሉም አሉ። ከነጥብ በኋላ ያለችው ትርፍ ወደ ላይ ትጠጋ ወደ ታች ሳንስማማ ነው የተመረቅነው።) በዚህ ምክንያት ርዕሱ ቢለያይ፣ ከተማው ቢለያይ፣ የናሙናው ብዛት አንድ የሆነ ስንትና ስንት ፖስተር በአንድ ኮሪደር ላይ ተሰልፎ ታያላችሁ።

በቁጥሩ መመሳሰል መቀለድ ቀላል ነው፤ ጉዳዬ ግን ያች 10 በመቶ ናት። ቀመሩ ራሱ የሚጠፋ ሰው እንዳለ ያውቃል። የጠፋው ሲጠፋ ጠፋ ተብሎ እንዲቆጠር ነው ቦታ የተተወለት። እኛ ምን አደረግን? ከጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ መዝገብ ላይ በዕጣ የካርድ ቁጥር አወጣን፤ ካርድ ክፍል ሄደን ጠየቅን፤ ካርዱ ከታጣ ከመዝገቡ ላይ የሚቀጥለውን ቁጥር ወስደን ተካን። ማንም ይህን አድርጉ ብሎ አላስተማረንም፤ ከእኛ በፊት የነበሩት እንዲህ ሲያደርጉ አይተን ነው። በመጨረሻ 423 ፈለግን፣ 423 አገኘን። ስላይዳችን ላይም «የምላሽ መጠን 100 በመቶ» ብለን ጻፍን። ካርድ እንዴት ምላሽ እንደሚሰጥ ዛሬ ድረስ አልገባኝም።

ለጉባኤው ሁለት ሳምንት ሲቀር፣ አንዳንድ ቅጾች ላይ የእናትየው የእርግዝና ሳምንት ሳይሞላ ቀርቶ ስለነበር እንደገና ካርድ ክፍል ሄድኩ። እዚያ ለብዙ ዓመት የሠሩ አንድ ሰው አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። መሰላል ላይ ሆነው ካርድ እየመለሱ ነበር።

«አሁንም አልጨረሳችሁም?» አሉኝ።

«ልንጨርስ ነው ጋሼ። ያጣናቸውም ነበሩ፣ እነሱን ተክተናል።»

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከመሰላሉ ወርደው «እስቲ ያጣችኋቸውን አሳይኝ» አሉ። ዝርዝሩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ወረድ ወረድ አሉበት።

«እነዚህማ የሞቱት ናቸው» አሉ። «የሞተ ካርድ እዚህ መደርደሪያ አይመለስም። ለግምገማ ይወስዱታል፣ ከዚያ በካርቶን ሆኖ ከኋላ ክፍል ነው የሚቀመጠው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ካርዱ ለግምገማ መወሰዱ ጥፋት አይደለም። በሀገራችን የእናቶች ሞት ክትትልና ምላሽ የሚባለው አሠራር ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተተገበረ ነው፤ በኋላም የጨቅላ ሕፃናት ሞት ተጨምሮበታል። አንድ ሰው ሲሞት ካርዱ ወጥቶ፣ ምን ዘገየ፣ ምን ጎደለ ተብሎ መመርመሩ የሚያስመሰግን ነው። ችግሩ ካርዱ ወጥቶ መቅረቱ ነው። በደንቡ ካርድ ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው ትሬሰር የምትባል ወረቀት ትገባለች፤ ካርዱን ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደወሰደው ይጻፍባታል። እኛ በሄድንባቸው መደርደሪያዎች ትሬሰሯ አልነበረችም። ስለዚህ የሞተ ሕፃን ካርድና እንዲሁ የጠፋ ካርድ ለእኛ አንድ ሆኑብን።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። የክፍሉ መዝገብ የመጨረሻ ዓምድ «ውጤት» ይላል። ዳነ፣ ሪፈር፣ ሞተ። ለሁሉም ተጽፏል። እኛ ከመዝገቡ የገለበጥነው የመጀመሪያውን ዓምድ፣ የካርድ ቁጥሩን ብቻ ነበር። ያን ቀን ማታ ዱቲ የነበረችውን ጓደኛዬን ቀስቅሼ መዝገቡን ይዘን ተቀመጥን። የተካናቸውን ቁጥሮች አንድ በአንድ ስናያቸው ከአብዛኞቹ ፊት ለፊት ያ አንድ ቃል ተጽፎ አገኘን። የሞተውን አውጥተን የዳነውን አስገብተን ኖሯል። ከአራታችን አንድም የዋሸ የለም፤ አንድም ቁጥር አልፈጠርንም።

ለሙያ ባልደረቦቼ ግልጽ ቢሆንም ለሌላው አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ካርድ በዘፈቀደ ቢጠፋ፣ ለምሳሌ አይጥ ቢበላው፣ ጥናቱ ቢጎዳም እምብዛም አይዛባም፤ አይጥ የዳነና የሞተ አትለይም። ካርዱ የሚጠፋው ሰውየው ስለሞተ ከሆነ ግን 423ቱን 4,000 ብታደርጉትም ስህተቱ አይሽርም፤ እንዲያውም የተሳሳተውን ቁጥር በእርግጠኝነት እንድትናገሩት ያደርጋችኋል። የሟቾቹ ድርሻ ማነሱ ብቻም አይደለም። እጅግ የታመሙት ስለወጡ ለሞት ያጋልጣሉ ያልናቸው ነገሮች ሁሉ ክብደታቸው ተዛብቷል። የአፕጋር ውጤትን ውሰዱ። ዶክተር ቨርጂኒያ አፕጋር በ1952 እ.ኤ.አ. በአንድ የሰመመን ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ያቀረቡት፣ ሕፃኑ እንደተወለደ ያለበትን ሁኔታ ለመመዘን በአምስት ምልክት ከዜሮ እስከ አስር የሚሰጥ መለኪያ ነው። በእኛ ውጤት ዝቅተኛ አፕጋር ከሞት ጋር የነበረው ግንኙነት ከጠበቅነው በላይ ደካማ ሆኖ ስለወጣ፣ በውይይቱ ክፍል ላይ ረጅም ማብራሪያ ጽፈንለት ነበር። ማብራሪያው ካርቶን ውስጥ ነበር። (በነገራችን ላይ በብዙ ካርድ ላይ በመጀመሪያው ደቂቃ 7፣ በአምስተኛው 8 ተብሎ የሚጻፈው ነገርም አንድ ቀን ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል።)

«የተማሪ ልምምድ ነው፣ ማንን ይጎዳል?» ለሚለኝ መልስ አለኝ። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በ2016 እ.ኤ.አ. ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2019ኙ አነስተኛ ዳሰሳ 33 ሆነ። ልዩነቱ የናሙና መዋዠቅ ሊሆን ይችላል፤ ቀንሷል የሚል ግን አይገኝም። በዚያው ጊዜ ውስጥ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከ67 ወደ 59 ወርደዋል። ማለትም ትልልቆቹን ሕፃናት እያተረፍን፣ አዲስ የተወለዱት ላይ ነው የቆምነው። ልብ በሉ፣ ያ ዳሰሳ ቤት ለቤት ሄዶ የሚጠይቀው እናትን ነው፤ ከእናት ዘንድ ካርድ አይጠፋም። እኛ ደግሞ ከሆስፒታል ወጥተን «ከሚጠበቀው የተሻለ ውጤት ተገኝቷል» ብለን ደመደምን። ይህን ያነበበ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ማታ ማታ ለጨቅላ ክፍሉ አንድ ነርስ ይጨመር የሚለውን ጥያቄ ወደ ጎን ቢለው በምን እወቅሰዋለሁ?

አማካሪያችን ደግ ሰው ነበሩ፤ ማታ ደውዬ ሳስረዳቸው ስልኩን አልዘጉብኝም። «ልክ ነሽ፣ ከባድ ነገር ነው» አሉ። ቀጥለው ግን «አብስትራክቱ ገብቷል፣ ፖስተሩ ታትሟል፤ ውስንነት የሚለው ላይ አንድ መስመር ጨምሩና ቅረቡ» አሉኝ። አብስትራክት ማለት ቀድሞ ለውድድሩ የሚላከው የጥናቱ ማጠቃለያ ነው። የውድድሩን መመሪያ አወጣሁ። «የሚቀርበው ውጤት ተቀባይነት ካገኘው አብስትራክት ጋር መለያየት የለበትም፤ ከተለያየ ከውድድር ያሰርዛል» ይላል። ይህ አንቀጽ ለምን እንደተጻፈ ይገባኛል፤ አንዱን ነገር ልኮ ሌላ ይዞ የሚመጣ አለ። ለእኛ ግን ሦስት በር ብቻ ቀረልን፦ ማረምና መሰረዝ፣ ማቋረጥ፣ ወይም ዝም ማለት። የአራታችን የአውቶቡስ ትኬት ተቆርጦ ነበር። ቤተሰብ ሰምቶ ነበር።

አንድ መስመር ጨመርን። «አንዳንድ ካርዶች የተሟላ መረጃ አልነበራቸውም» የምትል። ውሸት አይደለችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ እውነትም አልነበረችም። ከመጨረሻው በፊት ባለው ስላይድ ግርጌ በትንሽ ፊደል አስቀመጥናት፤ ስምንት ደቂቃዬ ሊያልቅ ስለነበር ሁለት ሰከንድም አልቆየሁባት።

ከዚያ ሦስት ደቂቃ ለጥያቄ። እባካችሁ ዳኞች፣ የቀጣዩን በቅሬታ አትውሰዱብኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ «በባይቫሪየት ትንተና ፒ ቫልዩ ከ0.25 በታች የሆነውን ለምን ወሰዳችሁ፣ ለምን 0.2 አላደረጋችሁም?» የሚል ነበር። ሁለተኛው የሆስመርና ሌመሾው መፈተኛ ስንት እንደወጣ ነበር፤ ሁለቱም ስለ ስታቲስቲክስ ስሌቱ ናቸው። ሦስተኛው ጥያቄ አልነበረም፤ የስላይዱ ሰማያዊ ቀለም ደስ እንደሚልና እንግሊዝኛዬ ጥሩ መሆኑን የሚገልጽ አስተያየት ነበር። ሁሉንም ተለማምጄ ስለመጣሁ አሳምሬ መለስኩ። ስንት ካርድ አጣችሁ፣ ያጣችሁትስ የማንን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቢጠይቁኝ እናገር ነበር? እናገር ነበር ብዬ አስባለሁ። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ከእኔ ቀድማ የቀረበች አንዲት ልጅ ነበረች። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሕሙማንን በስልክ ተከታትላ ነው ያጠናችው። መጀመሪያ ያሳየችው ስላይድ ስንት ቁጥር እንደደወለች፣ ስንቱ ዝግ እንደነበር፣ ስንቱን ሌላ ሰው እንዳነሳው የሚያሳይ በቀስት የተያያዘ ሥዕል ነበር። ስልካቸው የማይነሳው የገጠር ታካሚዎች በመሆናቸው ውጤቷ ለከተማው ብቻ እንደሚሠራም ራሷ ተናገረች። አንድ ዳኛ «የምላሽ መጠንሽ ዝቅተኛ ነው፤ ይሄ ትልቅ ድክመት ነው» አሏት። አንገቷን ደፍታ ወረደች፤ ሽልማት ሲነበብም ስሟ አልተጠራም። አዳራሹን የሞላው ተማሪ ከዚያ ቀን ይዞ የሄደው ትምህርት ይሄው ነው፦ የጠፋብህን ብትናገር ትቀጣለህ፤ ተክተህ ብትመጣ «100 በመቶ» ብለህ ትሸለማለህ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህንኑ እንድትገለብጡት ነው።

በካርድ ላይ የተመሠረተ ማንኛውም ጥናት ከውጤቱ በፊት የልጅቷን ዓይነት ስላይድ ያስቀድም፤ ስንት ካርድ ተፈለገ፣ ስንት ተገኘ፣ ያልተገኙት በመዝገብ ላይ ውጤታቸው ምን ይላል። አዲስ ነገር እየፈጠርኩ አይደለም። ስትሮብ የሚባለው ባለ 22 ነጥብ የአዘጋገብ መመሪያ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየደረጃው ስንት ሰው እንደነበረና ለምን እንደቀረ እንዲነገር ይጠይቃል። ለሌላ ዓላማ ተመዝግቦ የተቀመጠ የጤና መረጃን ለሚጠቀሙ ጥናቶች ደግሞ በ2015 ሬኮርድ የሚባል ተጨማሪ መመሪያ ወጥቷል። እኛም የጥናታችን ሰነድ ላይ «ስትሮብን ተከትለናል» ብለን ጽፈን ነበር። በእጃችሁ ባለው የነጥብ መስጫ ቅጽ ላይ ግን ለዚህ ነገር ቦታ አላየሁም። ለስላይድ አሠራር፣ ለአነጋገርና ለሰዓት አጠባበቅ ቦታ ነበረው። ነጥብ የሌለው ነገር በተማሪ ዘንድ የለም፤ ይህን ሁላችሁም ተማሪ ስለነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ከቀለሙ ላይ ቀንሳችሁ ለጠፋው ካርድ ስጡ።

የእርምት በርም ክፈቱ። ተማሪው እስከሚያቀርብበት ጠዋት ድረስ ቁጥሩን ማረም ይፈቀድለት፤ ግን የድሮውን አይሰርዝ። በአብስትራክቱ ይህ ነበር፣ አሁን ይህ ሆኗል፣ የተቀየረው በዚህ ምክንያት ነው ብሎ ጎን ለጎን ያሳይ። እንዲህ ከሆነ ሥራ ቀይሮ የሚመጣውም አያመልጣችሁም፣ የእኛን ዓይነቱም አይታፈንም። እኔ ዳኛ ብሆን እንዲህ አድርጎ ለመጣ ተማሪ አንደኛ ደረጃውን ለመስጠት ብዙም አላመነታም።

የቋንቋውንም ነገር ካነሳሁት አይቀር፣ መጠይቁ ተተርጉሞ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ነው የሚጠየቀው፤ መልሱም በዚያው ነው የሚገኘው። ታካሚዋ ምን አለችሽ ተብላ በእንግሊዝኛ የምትንተባተብ ተማሪ የምታውቀውን ሁሉ ትውጠዋለች። ቢያንስ በጥያቄው ሰዓት ሥራው በተሠራበት ቋንቋ መመለስ ቢፈቀድ ጉባኤው የሚያጣው ነገር አይታየኝም።

ለአማካሪ መምህራን የምለው አጭር ነው። ካርድ ክፍል አብራችሁን አንድ ቀን ግቡ። ከጥናቱ ሁሉ አንድ ቀን። እኛ ለስታቲስቲክስ ባለሙያ ተሰልፈን ስንጠብቅ፣ የሥራችንን ስህተት በሁለት ደቂቃ ያገኙት ከመሰላል ላይ የወረዱት ሰው ናቸው። በምስጋና ስላይዳችን ላይ ዲኑን፣ ኮሌጁን፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን አመስግነናል። የጋሼ ስም አልነበረበትም።

በ1869 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ፓውል ላንገርሃንስ የሚባል የ21 ዓመት የሕክምና ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ የቆሽትን ገጽታ በማይክሮስኮፕ አይቶ ጻፈ። በመካከሉ እንደ ደሴት የተበተኑ፣ ከሌላው የተለዩ ሕዋሳት አገኘ። ምን እንደሚሠሩ ግን አላወቀም፤ አላወቅሁም ብሎም ጻፈ። እነዚያ ሕዋሳት በስሙ የተጠሩት በ1893 ነው። ኢንሱሊን የተገኘው ደግሞ በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ነው፤ በዚያም ሥራ ፍሬድሪክ ባንቲንግን ያገዘው ቻርልስ ቤስት ገና ተማሪ ነበር። ላንገርሃንስ በእኛ ጉባኤ ቢቀርብ ኖሮ «የመደምደሚያህ ነገር አልጠነከረም» የሚል አስተያየት እንደሚሰጠው አልጠራጠርም።

አሁን በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ባለፈው ዓመት ከአራታችን ሁለታችን ከሥነ ምግባር ኮሚቴው እንደገና ፈቃድ ጠይቀን ወደዚያው ሆስፒታል ተመለስን። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። የኋላው ክፍል ግን እንዳሉት ነበር፤ ካርቶኖቹም። ሦስት ቀን አቧራ ውስጥ ተቀምጠን ከምንፈልጋቸው ካርዶች የሚበዙትን አገኘን፤ የቀሩትን ከመዝገቡ ዓምድ ወሰድን፤ የትም ያልተገኙትን አልተገኙም ብለን ጻፍን። የሟቾቹ ድርሻ መድረክ ላይ ከተናገርኩት በግልጽ ከፍ ብሎ ወጣ። ከአፕጋር ጋር የነበረው ግንኙነትም ማብራሪያ የማያስፈልገው ሆነ። ሁለት ገጽ አድርገን ለሆስፒታሉ የጥራት ክፍል ሰጠን። ኃላፊዋ አነበቡት፤ ዝም ብለው ትንሽ ቆዩና ትሬሰር ወረቀቶቹ የት እንዳሉ ለማወቅ ስልክ አነሱ። መጋዘን ውስጥ ነበሩ፣ ከነመጠቅለያቸው።

ያንኑ ሁለት ገጽ ለጉባኤው አዘጋጆችም ልኬያለሁ። መልስ አልመጣም፤ ኮሚቴው በየዓመቱ ስለሚቀየር የደረሰው ሰው ማን እንደሆነ ራሱ ላያውቅ ይችላል። ግልጽ ደብዳቤ የመረጥኩት አንድም ለዚህ ነው። ከእናንተ መካከል የሽልማት መዝገብ የሚይዝ ካለ፣ በዚያ ዓመት ከሦስተኛው ደረጃ አጠገብ «ቁጥሩ በአቅራቢዎቹ ታርሟል» ብሎ ይጻፍልን። ሽልማቱ ይሻር ካላችሁም ቅር አይለንም፤ ከሦስቱ ጓደኞቼ ጋር ተነጋግረን ተስማምተናል።

ሰርተፍኬቱን በአካል መመለስ ካስፈለገ ግን ቀደም ብላችሁ አሳውቁኝ። እናቴ ገና አልሰማችም፤ ግድግዳው ላይ በዚያ ቦታ ምን እንደምንሰቅልም አብረን ማሰብ ይኖርብናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዚያን ዓመት የሦስተኛ ደረጃ ተሸላሚ፣ አሁን ጠቅላላ ሐኪም